ስለ ብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ አስተካከልና ስለ ምልክቱ አነባበብ

በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራው ድልድይ በአራዳና በመርካቶ መካከል ለሚመላለስ ሰው መተላለፊያ ስለ ሆነ፣ በዚያ አካባቢ የሚነግድ ባለ ሱቅ ከየአገሩ የሚመጣ ገዢ ያገኛል። እንግዲህ ከአሶሳ በኩል የመጣ አንድ ወርቅ ፈላጊ ከእንዲህ ያለ ሱቅ ገብቶ በነጋዴው አነጋገር ዲቴክተር የሚባለውን መሣሪያ ጠየቀ እንበል። ባለ ሱቁ መሣሪያውን ከካርቶኑ አውጥቶ ያበራዋል፤ ገዢውም የጣቱን ቀለበት አውልቆ በጠረጴዛው ላይ ያኖራል። መሣሪያው ይጮኻል፤ በማሳያውም ላይ ቁጥር ይወጣል። ገዢው ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ያንኑ ዕቃ ተሸክሞ ይመለስና፣ «ጌታው፣ የሸጡልኝ የተበላሸ ነው፤ በቀይ አፈር ላይ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል» ይላል። ባለ ሱቁም፣ «ወንድሜ፣ ከፊትዎ ሠርቶ አልነበረምን?» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ጠቡን ያመጣው፣ መሣሪያው የሚሰጠው መልስ እንደ አስተካከሉ የሚለዋወጥ መሆኑን አንዱም ሳያስረዳ፣ ሌላውም ሳይጠይቅ በመቅረታቸው ነው።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። በዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ ሳህን በውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ አለው፤ በሽቦውም የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ያሳድራል። ይህ ኃይል ብረት በነካ ጊዜ በብረቱ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪት ይነሣል፤ አዙሪቱም በተራው ለሳህኑ ደካማ ምላሽ ይልካል። መሣሪያው የምላሹን ብርታትና የመዘግየቱን ልክ ይመዝናል። በማሳያው ላይ የሚታየው ቁጥር በይበልጥ የሚወጣው ከመዘግየቱ ሲሆን፣ እርሱም በብረቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በትልቅነቱ፣ በውፍረቱና በቅርጹ ይለወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ የብረቱ ስም አይደለም። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው የማሪያ ቴሬዛ ብር ትልቅና ብዙ ንጹሕ ብር ያለበት ስለ ሆነ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ቀጭን የወርቅ ጉትቻ ግን ከሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ጋር አንድ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። «የወርቅ ቁጥሩ ስንት ነው?» ለሚል ገዢ አንድ ቁጥር ቈርጦ የሚነግር ሻጭ ገዢውን ያሳስታል።

ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው ስሕተት ከዚህ ይነሣል። ገዢው ሚስማርና ቆርቆሮ እየቈፈረ መድከም ስለማይፈልግ፣ ዲስክሪሚኔሽን የተባለውን የመለያ ቁልፍ ከፍ ያደርገዋል። መሣሪያውም ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ሁሉ በዝምታ ያልፋል። ነገር ግን የስንዴ ፍሬ የሚያህል ወርቅ ብረት ባዘለ አፈር ውስጥ ሲገኝ ቁጥሩ ወደ ሚስማሩ ቁጥር ሊወርድ ስለሚችል፣ ወርቁም ከሚስማሩ ጋር ይታለፋል። በመናፈሻ ሣር ላይ የጠፋ የብር አምባር ለሚፈልግ ሰው ቁልፉ ይጠቅመዋል፤ ወርቅ ፈላጊ ግን ዝቅ አድርጎ የጮኸለትን ሁሉ መቈፈር አለበት።

ሌላው ቁልፍ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለት የንቃቱ መጠን ነው። ገዢ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሊያዞረው ይወዳል። ዳሩ ግን ከትንሽ ዕቃ የሚመለሰው ምላሽ ከርቀቱ ጋር እጅግ ፈጥኖ ስለሚደክም፣ ከሳህኑ ስፋት በላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምላሹ ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል። ይህን ያህል ጕድለት ቁልፍ በማዞር የሚሞላ አይደለም። ንቃቱ ሲበዛ ይልቁንም የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የእጅ ስልኩና በሲሚንቶው ወለል ውስጥ ያለው ፌሮ ሁሉ አብረው ይጮኻሉ። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1881 ዓ.ም. በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረችውን ጥይት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ሲፈልግ፣ በሽተኛው ከተኙበት ፍራሽ ሥር የብረት ሽቦ መኖሩ አሳስቶታል። ትክክለኛው ዘዴ ንቃቱን ከፍ አድርጎ ጩኸቱ ሲጀምር፣ ጸጥ እስኪል ድረስ ጥቂት መመለስ ነው።

የአሶሳውን ገዢ ያሳዘነው ግን ከሁሉ በላይ አፈሩ ነው። ቀይ አፈርና ጥቍር ድንጋይ ብዙውን ጊዜ የብረት ዝገት ስለሚያዝሉ ለመሣሪያው እንደ ብረት ይናገራሉ። ግራውንድ ባላንስ የተባለው ቁልፍ የአፈሩን ድምፅ ለይቶ ለመተው የተሠራ ነው፤ ምንም ብረት በሌለበት ሥፍራ ሳህኑን ወደ መሬት እያወረዱና እያነሡ ድምፁ እስኪስተካከል መጠበቅ፣ አፈሩ በተለወጠም ጊዜ እንደ ገና ማድረግ ያስፈልጋል። የሞገዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ 5 ኪሎ ኸርዝ ያህል የሆነው ለትልቅና ለጠለቀ የብር ዕቃ ይስማማል፤ ከ40 በላይ የሆነው ደቃቅ ወርቅን ይሰማል፣ የአፈሩንም ጩኸት አብሮ ያበዛል። ሰፊ ሳህን ጠልቆ ይሰማል፤ ደቃቁን ግን ይስተዋል።

ስለዚህ አስተዋይ ባለ ሱቅ ብረት የሌለበት የእንጨት ሣጥን ቀይ አፈር ሞልቶ፣ እንደ ወርቅ ፍሬ ያለ ምላሽ የምትሰጥ ትንሽ የእርሳስ ቍራጭ ቀብሮ፣ ገዢው ራሱ እያስተካከለ እንዲሞክር ያደርጋል። የተሞከረበትንም የቁልፍ ልክ ከደረሰኙ ጋር ጽፎ ይሰጣል።

አስመጪም ቢሆን ከመግዛቱ በፊት፣ አምስት ኮሮጆ አፈር አቅርቦ፣ ሻጩ ሳያይ በአንዱ ብቻ ብረት ደብቆ፣ ለይተህ አውጣ ቢለው መልካም ነው። ኤ ዲ ኢ 651 የተባለው «ፈንጂ ጠቋሚ» ምንም የማይሠራ ፕላስቲክ ሳለ ለኢራቅ በብዙ ገንዘብ ተሽጧል፤ ሻጩ ጀምስ ማኮርሚክም እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በለንደን 10 ዓመት እሥራት ተፈረደበት።

ሰሊጥ፣ ቅመማ ቅመምና ሥጋ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደለም፤ ዕቃው በቀበቶ እየተጓዘ የሚያልፍበት የፋብሪካ መፈተሻ የሚሠራው በዚያው ሕግ ነው። እርጥብና ጨው ያለበት ሸቀጥ ራሱ ምልክት ይሰጣል፤ ስለዚህ ለደረቅ ሰሊጥ የተስተካከለው መሣሪያ ሥጋ ቢያልፍበት ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ለሥጋ የተስተካከለውም ለሰሊጡ ንቃቱ ያንሳል። ከሁሉም የማይዝገው ብረት ለመያዝ ያስቸግራል፤ የሚሞከርበት ኳስ ከተራው ብረት ኳስ ከፍ ያለ የሆነውም ስለዚህ ነው። የመፈተሻው ንቃት በመስኮቱ መካከል ከሁሉ ይልቅ ስለሚደክም፣ ኳሶቹ በዳር ሳይሆን በመካከል ማለፍ አለባቸው። መሣሪያው ኳሱን ሳይይዝ ቢቀር፣ ካለፈው መልካም ሙከራ ወዲህ የወጣው ሁሉ ዳግመኛ ይፈተሻል። ሙከራው በየሰዓቱ የሚደረግ ከሆነ የሚመለሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ በጧት ብቻ ከሆነ ግን የቀኑ ጭነት በሙሉ ከካሚዮን ይወርዳል።