ማስረጃና ድምዳሜ፦ የአንዲት አሮጌ ጀልባ ዕድሜ

በዚህ ትምህርት የምትለማመዱት አስረጂ ድርሰት ነው። አስረጂ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ያየውን ይናገራል፤ ካየውም ተነሥቶ ያላየውን ይገምታል። ችግር የሚፈጠረው የታየውና የተገመተው በአንድ ዓይነት ማሰሪያ አንቀጽ ሲጻፉ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ስታነቡ የየዐረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ ልብ በሉ።

በጥር ወር 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1986) በገሊላ ባሕር ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ሁለት ወንድማማቾች በጭቃ የተቀበረች የእንጨት ጀልባ አገኙ። ገሊላ ባሕር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው። በዚያ ወቅት በእስራኤል ድርቅ ስለ ነበረ የሐይቁ ውኃ ሸሽቶ ወለሉ ተገልጦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ውኃው ተመልሶ መሙላት በመጀመሩ፣ የቅርስ ቁፋሮ ባለሙያዎች ዐሥራ ሁለት ቀን ሌትና ቀን ሠርተው አወጧት። የተረፈው አካሏ ርዝመቱ 8.27 ሜትር፣ ወርዱ 2.3 ሜትር ነው። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ስለ ነበር፣ ለብዙ ዓመታት በሰም መሰል ፈሳሽ ውስጥ ከተዘፈዘፈ በኋላ በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2000) እዚያው ሐይቁ አጠገብ ባለ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ።

እንጨት በውኃ ውስጥ ይህን ያህል መቆየቱ ሊያስገርማችሁ ይችላል። የጣና ደንገል ታንኳ ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ ይበሰብሳል። ገሊላ የተገኘችውን ጀልባ ያቆያት ጭቃው ነው፤ አየር እንዳይደርስባት ከልሎ እንጨት በል ተሕዋስያንን ከለከለላት።

ዕድሜዋ እንዴት ታወቀ? ጀልባ የልደት ምስክር ወረቀት የላትም። መጀመሪያ የተመረመረው እንጨቱ ነው። ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየር ካርቦን ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ ካርቦን 14 የተባለው ዓይነት፣ ዛፉ ሲሞት ቀስ በቀስ እየቀነሰ በ5,730 ዓመት ገደማ በግማሽ ይጐድላል። የቀረውን መጠን የለካ ሰው ዘመኑን ያሰላል። ውጤቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 40 ዓመት ገደማ ሆነ፤ ነገር ግን 80 ዓመት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ልኬት የሚናገረው ዛፉ የኖረበትን ዘመን እንጂ ጀልባዋ የተሠራችበትን ቀን አይደለም። አናጢው አሮጌ እንጨት ተጠቅሞ ከሆነ ጀልባዋ ከእንጨቷ ታንሳለች።

አናጢው አሮጌ እንጨት መጠቀሙም ታውቋል። እንደ ጀርባ አጥንት ሆኖ ጀልባዋን ከሥር የሚሸከመው ግንድ የፊተኛው ክፍል፣ ቀድሞ ሌላ ጀልባ ላይ የነበረ መሆኑን የድሮ መጋጠሚያ ቀዳዳዎቹ ይመሰክራሉ።

ሁለተኛው ምስክር አሠራሯ ነው። የጣውላዎቹ ጠርዝ ተፈልፍሎ፣ በየቀዳዳው የእንጨት ምላስ ገብቶ፣ ምላሱም በእንጨት ችንካር ተይዟል። የሜዲትራኒያን መርከብ ሠሪዎች በዚህ ዘዴ ብዙ መቶ ዓመታት ስለ ሠሩበት ጠባብ ዘመን ሊወስን አይችልም። በአካባቢዋ የተገኙት የሸክላ ድስትና የዘይት ኩራዝ ግን ወደ አንደኛው መቶ ዓመት ያቀርቡናል። ቢሆንም ኩራዝ ከጀልባ ጎን ተገኘ ማለት ከጀልባዋ ወደቀ ማለት አይደለም።

ስለ ምንጯ ይበልጥ የሚናገረው የእንጨቱ ዓይነት ነው። አብዛኛው ጣውላ የሊባኖስ ዝግባ ነው (የእኛ አገር ዝግባ ሌላ ዛፍ ነው፤ ስሙ አያሳስታችሁ)። ጎድኖቿ በአመዛኙ ከኦክ የተሠሩ ናቸው። ከዚህ ሌላ ግን ቁርቁራ፣ ሾላና አኻያ ሳይቀሩ፣ በጠቅላላው ከዐሥር የማያንሱ የእንጨት ዓይነቶች ተቆጥረዋል። ቁርቁራን የምታውቁ ተማሪዎች ለጀልባ የሚመረጥ ቀጥ ያለ ጣውላ እንደማይወጣው ትረዳላችሁ። ከዚህ በመነሣት፣ «ሠሪዎቿ ሙያ ባያንሳቸውም ጥሩ እንጨት ሳያጥራቸው አልቀረም» ብንል ማስረጃችን ይበቃል። በመጨረሻም የሚጠቅሙት ክፍሎቿ ተነቅለው ቀፎዋ ብቻ ወደ ሐይቁ ተገፍቷል።

እንግዲህ ወደ ሰዋስዉ እንመለስ። ብዙ ሰዎች «የኢየሱስ ጀልባ» ይሏታል። ዘመኑና ቦታው ይገጥማሉ። የሚከተሉትን አራት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

ደቀ መዛሙርት ተሳፍረውባታል።
ደቀ መዛሙርት ሳይሳፈሩባት አይቀሩም።
ደቀ መዛሙርት ተሳፍረውባት ሊሆን ይችላል።
ደቀ መዛሙርት ተሳፍረውባታል ይባላል።

የመጀመሪያው በር የሚዘጋ ቃል ነው፤ የሚያይ ምስክር ይጠይቃል። ሁለተኛው ሁለት አሉታዎችን አጋጥሞ ወደ እርግጠኝነት የተጠጋ ግምት ይሠራል፤ እርሱም ቢሆን ለምልክት ያህል ማስረጃ ይሻል። ሦስተኛው የሚለው ከልካይ ነገር አልተገኘም ብቻ ነው። በሐይቁ ላይ በዚያ ዘመን ብዙ ጀልባዎች ስለ ነበሩና ይህችን ከማንም ስም ጋር የሚያያይዝ ምልክት ስላልተገኘ፣ ከሦስተኛው ማለፍ አይገባንም። አራተኛው የወሬ መንገድ ነው፤ እውነት ቢሆንም እውነትነቱ ሰዎች ማለታቸው ላይ ብቻ ነው። በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ «ይባላል» የሚበዛው ጸሐፊው ኃላፊነቱን ለሌላ ሲያሸክም ነው።

መልመጃ

1. «ጀልባዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ40 ዓመት ተሠራች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ማስረጃው በሚፈቅደው መጠን አስተካክላችሁ ጻፉ። ለምን እንዳስተካከላችሁትም በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ።

2. ከምንባቡ ውስጥ የታየ ነገር የሚናገሩ ሦስት፣ ግምት የሚናገሩ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አውጡ።

3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያለ አንድ አሮጌ ዕቃ፣ ለምሳሌ ሙቀጫ፣ በርጩማ ወይም የእንጨት ሣጥን ምረጡ። የእንጨቱን ዓይነት፣ ጥገናውን፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰውን ቦታ መርምሩ። ከዚያም ባለቤቱን ሳትጠይቁ፣ ዕድሜውንና የመጣበትን አገር በሁለት አንቀጽ ገምታችሁ ጻፉ። ግምታችሁን የሚያፈርስ ምልክት ካገኛችሁ እርሱንም አትተዉ። ባለቤቱን የምትጠይቁት ድርሰቱን ለመምህራችሁ ካስረከባችሁ በኋላ ነው።