ዳቦ ቤቴን በፀሐይ ኃይል ባንቀሳቅስ ያዋጣኛል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ዳቦ ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ በናፍጣ ጄኔሬተር እሠራለሁ። ጠቅልዬ ወደ ፀሐይ ኃይል ብዞር ያዋጣኛል?

መልስ፦ ጠቅልለው እንዲዞሩ አልመክርዎትም። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ፣ ታሪፉ ቢጨምርም ዛሬም ርካሽ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከመብራት ክፍያው ጋር ሳይሆን ከናፍጣው ጋር ያስተያዩት። አነስተኛ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚሰጠው 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የወር ወጪዎን በዚህ ያስሉት። ምድጃው ግን ብዙ ኃይል ይበላል። ዳቦ ደግሞ የሚጋገረው ሌሊት ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ባትሪ ከፓኔሎቹ በላይ ሊያስወጣዎት ይችላል። ማቀዝቀዣውን፣ አምፖሎቹንና ቀን የሚሠራውን ማቡኪያ በፀሐይ ያድርጉ። ባትሪ ሲገዙ እባክዎ የእርሳስ ባትሪው ርካሽ ዋጋ አያታልልዎት፤ በየዕለቱ ሲሠራበት በጥቂት ዓመታት ይደክማል። ሊትየሙ ውድ ቢሆንም በጥሩ አያያዝ 10 ዓመት ያገለግላል።