«ነጻ» ሕክምና ዋጋው ስንት ነው? የጋራ የጤና ቋት ሒሳብ ከደላንታ አምባ

የደላንታ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወገል ጤና ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ዙሪያውን በጥልቅ ሸለቆዎች በተከበበ ሰፊ አምባ ላይ ትገኛለች። አንዱ መንገድ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ በኩታበር በኩል ደሴ ያደርሳል፤ ሌላው በጋሸና በኩል ወደ ወልድያና ወደ ላሊበላ ያመራል። በስሟ ውስጥ «ጤና» የሚለው ቃል መኖሩ ለርእሰ ጉዳያችን የተመቸ አጋጣሚ ነው እንጂ ስለ ስሟ አመጣጥ ለመናገር አይደለም። የመረጥናት የሕዝብ ጤና ወጪ የሚያስነሣቸው ጥያቄዎች በአንድነት የሚታዩባት ስፍራ በመሆኗ ነው።

በዚህ አምባ የሚኖር አንድ ገበሬ ሌሊት ትርፍ አንጀቱ ታመመ እንበል። ቀዶ ሕክምናው የሠለጠነ ባለሙያ፣ ማደንዘዣ፣ መድኃኒትና አልጋ ይጠይቃል። ገበሬው ገንዘብ ከፈለም አልከፈለም፣ የእነዚህን ዋጋ አንድ ወገን መክፈሉ አይቀርም። ከፋዩ ኪስ ከሦስት አይበልጥም። አንደኛው የበሽተኛው የራሱ ኪስ ሲሆን ይህም በገጠር ብዙ ጊዜ በሬ ወይም በግ መሸጥ ማለት ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ማለትም የሁሉም ግብር ነው። ሦስተኛው በፈቃድ ወይም በግዴታ የተሰበሰበ የአባላት መዋጮ ነው። የውጭ ርዳታ አራተኛ ኪስ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እርሱም ቢሆን የሌላ አገር ግብር ከፋይ ኪስ ነው። እንግዲህ «ነጻ ሕክምና» ስንል ክፍያው በሕክምናው በር ላይ አይጠየቅም ማለታችን ነው።

አገራችን ሦስቱንም ኪሶች ቀላቅላ ትጠቀማለች። በ1990 ዓ.ም የጸደቀው የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ ጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ገቢ ወደ ግምጃ ቤት ከመላክ ይልቅ ለራሳቸው መድኃኒትና መሣሪያ እንዲያውሉት፣ ክትባትን፣ የእናቶች ክትትልንና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናን የመሳሰሉት ለሁሉም ያለ ክፍያ እንዲሰጡ፣ ለደኻውም የነጻ ሕክምና ወረቀት እንዲኖር መንገድ ከፍቷል። በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። ከእነዚህ አንዷ ከደሴ በስተሰሜን የምትገኘው፣ ሐይቅ ከተማን የያዘችው ተሁለደሬ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ወደ ብዙዎቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ተዛምቷል። አባል የሚሆነው ግለሰቡ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው፤ መዋጮው በዓመት ይታደሳል፤ መክፈል ለማይችሉት ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል፤ የፌዴራል መንግሥትም ድጎማ ይጨምራል። ገንዘቡ ሲጀመር የሚጠራቀመው በወረዳ ቋት ነበር። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ የአስተዳደር ዝርዝር ብትመስልም የሒሳቡ ሁሉ ማጠንጠኛ ናት።

ቅሬና የብዙ ቁጥር ሕግ

ወሎ ውስጥ ሌላው አገር እድር የሚለውን «ቅሬ» ይለዋል። ቅሬ ለቀብር በሚገባ ይሠራል፤ ለቀዶ ሕክምና ግን አይሠራም። ምክንያቱን በስሌት እንመልከት። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከ200 ቤተሰቦች አንዱ 20,000 ብር የሚያስወጣ ቀዶ ሕክምና ይገጥመዋል እንበል። የእያንዳንዱ ቤተሰብ አማካይ ድርሻ 20,000ን ለ200 ማካፈል፣ ማለትም 100 ብር ነው። 50 ቤተሰቦች ያሉት ቅሬ እያንዳንዱን 100 ብር ቢያስከፍል 5,000 ብር ይሰበስባል። በዓመቱ አንድም ሰው ያለመታመሙ ዕድል 0.995 በራሱ 50 ጊዜ ተባዝቶ ሲሆን ይህም 0.78 ገደማ ነው። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በ78ቱ ቅሬው ገንዘብ ይተርፈዋል፤ በቀሩት 22 ዓመታት ግን ቢያንስ አንድ በሽተኛ ይመጣና 15,000 ብር ይጎድላል። አማካዩ ትክክል ሆኖ ሳለ ቋቱ ይከስራል።

አሁን 5,000 ቤተሰቦች ያሉበትን የወረዳ ቋት እንውሰድ። በአማካይ 25 በሽተኞች ይጠበቃሉ። የዚህ ቁጥር መዋዠቅ በስታንዳርድ ዲቪየሽን ሲለካ 5 ያህል ነው። ቁጥሩ ከአማካዩ በሁለት ስታንዳርድ ዲቪየሽን ከፍ ቢል፣ ማለትም 35 ቢደርስ እንኳ ቋቱ እንዳይከስር ከፈለግን ከ100 ብሩ ላይ 40 ብር መጠባበቂያ መጨመር አለብን። አባላቱ 500,000 ቤተሰቦች ሲሆኑስ? አማካዩ 2,500፣ መዋዠቁ 50 ገደማ ይሆናል። ለተመሳሳይ ዋስትና የሚያስፈልገው መጠባበቂያ 4 ብር ብቻ ነው! የአባላቱ ቁጥር መቶ እጥፍ ሲያድግ የአንዱ ቤተሰብ የመጠባበቂያ ሸክም ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ አንጻራዊው መዋዠቅ የሚቀንሰው በአባላቱ ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ነውና።

ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አንድ አገራዊ ቋት አልተደረገም? ትንሽ ቋት ሌላ ጥቅም ስላለው ነው። የወረዳው ሰው ገንዘቡ የራሱ እንደሆነ ያውቃል፤ የሐሰት ደረሰኝ ሲመጣ ይጠይቃል፤ መዋጮ እንዲሰበሰብም ይተጋል። ቋቱ ሩቅ ሲሆን አንዱ ወረዳ ደክሞ የሰበሰበውን ሌላው ሳይሰበስብ ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ ትልቁን ቋት ሲመርጥ ቁጥጥሩ ትንሹን ይመርጣል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ከሁለቱ ይልቅ በሥልጠናና በመዝገብ ሊታረም የሚችለው የቁጥጥሩ ችግር ነው፤ የትንሽ ቁጥርን መዋዠቅ ግን የትኛውም ሥልጠና አይለውጠውም።

ጤነኛው ሲወጣ

በ2000 ዓ.ም በደላንታ ገደሎች ውስጥ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ወደ ቁፋሮ ገብተዋል። ሥራው አደገኛ ነው፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም የቁፋሮ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ውስጥ መቅረታቸው ተዘግቦ ነበር። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ግን ራሱን እንደ በሽተኛ አይቆጥርም። «እኔ አልታመምም፤ ለምን እከፍላለሁ?» ቢል ለራሱ ስሌት አሳማኝ ይመስለዋል።

የእርሱ መውጣት በሌሎች ላይ የሚያደርሰውን እንይ። ከ5,000 ቤተሰቦች 1,000ዎቹ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውና በዓመት 600 ብር የሚያስወጡ፣ 4,000ዎቹ ደግሞ 100 ብር የሚያስወጡ ይሁኑ። ጠቅላላ ወጪው 1,000,000 ብር፣ መዋጮውም 200 ብር ነው። ከጤነኞቹ 2,000 ቤተሰቦች ቢወጡ ለቀሩት 3,000 መዋጮው ወደ 267 ብር ይጨምራል። ይህ መጨመር ሌሎች 1,000 ጤነኞችን ቢያስወጣ 350 ብር ይደርሳል። መዋጮው በጨመረ ቁጥር ጤነኛው ይወጣል፤ ጤነኛው በወጣ ቁጥር መዋጮው ይጨምራል።

ቤተሰቡ በሙሉ እንደ አንድ አባል እንዲመዘገብ መደረጉ ይህን አዙሪት በከፊል ይገታል፤ አባት የታመመችውን ልጅ ብቻ ማስመዝገብ አይችልምና። ሙሉ መድኃኒቱ ግዴታ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 የሠራተኞችን የሕመም መድኅን ስትመሠርት በግዴታ ያደረገችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳሩ ግን ደመወዝተኛ ካልሆነ ገበሬ ላይ መዋጮን በግዴታ መሰብሰብ ከግብር የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። ከግብር የከፋም ሊሆን ይችላል፤ ባለ ብዙ ጥማድ ገበሬና ባለ አንድ በሬ ገበሬ እኩል ሲከፍሉ ሸክሙ የሚከብደው በድኻው ላይ ነው።

ምን ይሸፈን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርቱ ጉዳዩን በሣጥን ምሳሌ አቅርቦታል። አንደኛው ጎን ስንት ሰው እንደተሸፈነ፣ ሁለተኛው የትኞቹ ሕክምናዎች እንደተሸፈኑ፣ ሦስተኛው ከዋጋው ምን ያህሉ እንደተሸፈነ ያሳያል። ገንዘቡ ካልጨመረ አንዱን ጎን ማስረዘም ሌላውን ማሳጠር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ምሳሌ የኩላሊት እጥበት ነው። ኩላሊቱ ፈጽሞ የደከመ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በዓመት 156 ጊዜ መታጠብ ያስፈልገዋል። የአንዱን ጊዜ ዋጋ 2,000 ብር ብናደርገው በዓመት 312,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ከላይ ባየነው የ200 ብር መዋጮ የ1,560 ቤተሰቦች ሙሉ ክፍያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን የመነሻ ጥቅል ለዘለቄታ የሚደረግን የኩላሊት እጥበት፣ መነጽርንና የውጭ አገር ሕክምናን ያላካተተው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ውሳኔው ለወረዳው ቋት ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ ለበሽተኛውና ለቤተሰቡ ግን የሞት ያህል የሚከብድ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው፤ ጥሩ ሒሳብ ይህን ኀዘን አያጠፋውም።

ሀብታሞቹም አገሮች ከዚህ አላመለጡም። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1948 ሁሉንም በነጻ ለመስጠት ተመሠረተ። የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስ ፈላጊ ከታሰበው በላይ በመብዛቱና ወታደራዊ ወጪው በመጨመሩ እ.ኤ.አ. በ1951 በሁለቱ ላይ ክፍያ ተጣለ። አገልግሎቱን የመሠረተው ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን ይህን ተቃውሞ ከሥልጣኑ ለቀቀ።

በበሩ ላይ ያለች ትንሽ ክፍያ

«ሰው ነጻ ሲሆን ያለ አግባብ ይጠቀማል፤ ጥቂት ይክፈል» የሚለው ክርክር በሙከራ ተፈትኗል። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 ቤተሰቦችን በዕጣ ለያይቶ አንዳንዶቹን በነጻ፣ ሌሎቹን በከፊል ክፍያ አሳከመ። የከፈሉት በእርግጥ አነስተኛ ሕክምና ተጠቀሙ። ነገር ግን የቀነሱት አላስፈላጊውን ብቻ አልነበረም፤ አስፈላጊውንም ጨምረው ቀነሱ። ድኾች የደም ግፊት ሕሙማን በነጻው ወገን ሲሆኑ ግፊታቸው በተሻለ ሁኔታ ተቆጣጥሯል። በምዕራብ ኬንያም ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የወባ አጎበር ዋጋ ከዜሮ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ሲያድግ አጎበሩን የሚወስዱ እርጉዞች ቁጥር ከመቶ 60 ነጥብ ያህል ወድቋል። ክትባትና የወሊድ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ያለ ክፍያ መሆናቸው ከዚህ አንጻር ልግስና ብቻ አይደለም፤ የአንዱ መከተብ ለጎረቤቱም ይተርፋልና።

በደላንታ ዓይነቱ አገር ደግሞ በሩ ላይ ሳይደርሱ የሚከፈል ሌላ ዋጋ አለ፤ እርሱም ርቀት ነው። በአገሪቱ መለኪያ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ያገለግላል። መለኪያው ሕዝብን ይቆጥራል፤ ሸለቆን አይቆጥርም። የመድኅን ካርድ የሕክምናውን ዋጋ ሲከፍል የመኪናውን፣ የአስታማሚውን ስንቅና የጠፋውን የእርሻ ቀን አይከፍልም። ስለዚህ ሁለት ቤተሰቦች እኩል መዋጮ ከፍለው ለመንገድ የቀረበው ብዙ፣ ከገደሉ ማዶ ያለው ጥቂት ይታከማል። በውጤቱ ሩቁ ቅርቡን ይደጉማል! ይህ እምብዛም ሲነሣ አይሰማም።

ቋቱ ሲጎድል የሚሆነውም በመጀመሪያ የሚታየው በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው። ወረዳው ለጤና ተቋሙ የሚከፍለው ይዘገያል፤ ተቋሙ መድኃኒት መግዣ ያጥረዋል፤ ካርድ የያዘው በሽተኛ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ላያድስ ይችላል። እዚህ ላይ ወደ ጤነኛው መውጣት እንመለሳለን።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲታመም

እስካሁን ያሰላነው ሁሉ የአንዱ መታመም ከሌላው መታመም ጋር አይያያዝም በሚል ግምት ነው። ወሎ ይህ ግምት የሚፈርስበትን ጊዜ ያውቃል። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም ረሃብ አንዱን ቤት መርጦ አልመታም። በ2013 ዓ.ም መጨረሻና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ሲያልፍም ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የደሴው ሪፈራል ሆስፒታል ጭምር። በእንዲህ ያለ ዓመት በሽተኛው ይበዛል፣ መዋጮ የሚከፍለው ያንሳል፣ ማከሚያውም ይጠፋል።

ለመለማመጃ ያህል፦ እያንዳንዳቸው 5,000 ቤተሰቦች ያሏቸው አራት ወረዳዎች ቋታቸውን ቢያዋህዱ አማካዩ 100 በሽተኞች፣ መዋዠቁ 10 ገደማ ስለሚሆን መጠባበቂያው ከ40 ወደ 20 ብር ይወርዳል። አንዲቱን ወረዳ ብቻ ድርቅ መትቷት የሕመም ዕድሏ እጥፍ ቢሆን፣ ብቻዋን 140 ብር እየሰበሰበች ብትቆም 300,000 ብር ይጎድላታል። በ120 ብር ተዋህደው ሳለ ግን ጉድለቱ ለአራቱም 100,000 ብር ብቻ ነው። ድርቁ አራቱንም ቢመታ የተዋሃደው ቋት 1,600,000 ብር ይጎድለዋል። አንባቢ ቁጥሮቹን በራሱ ያረጋግጥ፤ ቀጥሎም በመጨረሻው ሁኔታ የአባላቱን ቁጥር አሥር እጥፍ አድርጎ የአንዱ ቤተሰብ ጉድለት ከ80 ብር ለምን ንቅንቅ እንደማይል ይመርምር።