ለብስክሌት ጉዞ የአንድ ሰው ድንኳን አመራረጥ፦ ከሆለታ እስከ አምቦ ላለው መንገድ

ለብስክሌት ጉዞ የሚመረጥ የአንድ ሰው ድንኳን ዝናብና ብርድ የሚችል፣ ሲታጠፍ የሚያጥር፣ ክብደቱ የቀለለና ዋጋው የማይከብድ መሆን አለበት። አራቱን እኩል የሚያሟላ ድንኳን ማግኘት ያስቸግራል፤ በጣም ቀላሉ ውድ ነው፣ በጣም ርካሹ ደግሞ ወይ ከባድ ነው ወይ ያፈስሳል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው የትኛው እንደሚቀድም በመወሰን ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ ለሚገባ ተጓዥ የሚስማማው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦ አንደኛ ዝናብና ብርድ መቻሉ፣ ሁለተኛ የታጠፈበት ርዝመት፣ ሦስተኛ ዋጋው፣ በመጨረሻ ክብደቱ።

1. መንገዱንና ወቅቱን መለየት

ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ ያለው የአስፋልት መንገድ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አዲስ ዓለም 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ማለትም ከመንገዱ አጋማሽ ትንሽ ቀደም ብላ ትገኛለች፤ በዚህም ምክንያት ዕቃ ጭኖ ቀስ ብሎ ለሚጓዝ ብስክሌተኛ ለአዳር ትመቻለች። ሆለታ ወደ 2,400 ሜትር፣ አዲስ ዓለም ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አምቦ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከአምቦ ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚያቀና ተጓዥ እንደገና ሽቅብ ይወጣል፤ የወንጪ ተራራ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ስለሚቀንስ፣ አምቦ ላይ የተመቸ ድንኳን ወንጪ ላይ ሊበርድ ይችላል።

ወቅቱም እንዲሁ ይመዘናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ዋናው ጠላት ዝናብ ነው፤ አልፎ አልፎም በረዶ ይጥላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናቡ ያቆማል፣ ሰማዩም ይጠራል፤ ነገር ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛው ይከብዳል፣ ከፍ ባለው ቦታ ውርጭ ይወርዳል። በበጋ ብቻ የሚጓዝ ሰው ቀለል ያለ ድንኳን ይበቃዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚጓዝ ግን የክረምቱን ዝናብ መለኪያ ማድረግ አለበት።

2. ሙሉውን ወጪ ማስላት

የድንኳኑ የመሸጫ ዋጋ ሙሉ ወጪው አይደለም። ከሥር የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ጠንካራ ካስማ፣ ትርፍ አውታርና የስፌት ማሸጊያ ለብቻቸው ይገዛሉ። በውጭ ገበያ በቻይና የተሠሩ ደህና የአንድ ሰው ድንኳኖች ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ፤ ለብስክሌት ተብለው የተሠሩት የታወቁ ብራንዶች ግን ብዙውን ጊዜ ከ400 ዶላር ይበልጣሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙዎች ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያስመጡታል። በዚህ መንገድ የሚያስመጣ ሰው ዕቃው ቢበላሽ መመለስ እንደማይችል አስቦ፣ ጥራቱ በብዙ ተጠቃሚ የተፈተነውን ሞዴል መምረጥ ይገባዋል።

ገንዘብ ሲያጥር ወጪ የሚቀነሰው ከካስማው፣ ከሥር ንጣፉና ከማሸጊያ ከረጢቱ ነው። መርካቶ የሚሸጠው ወፍራም ላስቲክ በልክ ሲቆረጥ እንደ ጥሩ ንጣፍ ያገለግላል፤ ካስማም ምናለሽ ተራ ከሚገኝ ቁርጥራጭ ብረት ወይም አልሙኒየም ሊሠራ ይችላል። ዘንግ፣ ዚፕና የውጭ ልባስ ላይ ግን ገንዘብ ለመቆጠብ መሞከር አይገባም፤ ከሦስቱ አንዱ በሌሊት ዝናብ ከተበላሸ መፍትሔ የለውም።

3. የክብደቱን ዋጋ በቁጥር መመዘን

ሻጮች ሁለት ዓይነት ክብደት ይጽፋሉ። አንዱ የውስጥ ክፍሉን፣ የውጭ ልባሱንና ዘንጉን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ካስማውን፣ አውታሩንና ከረጢቱን ጨምሮ ሙሉውን ያመለክታል። በሁለቱ መካከል ከ150 እስከ 300 ግራም ልዩነት ሊኖር ስለሚችል ሁለት ድንኳኖች ሲነጻጸሩ በአንድ ዓይነት መለኪያ መሆን አለበት። ሙሉ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.6 ኪሎ ግራም የሆነ ድንኳን ለዚህ ጉዞ ቀላል ሊባል ይችላል።

ክብደት መቀነስ ምን ያህል እንደሚጠቅም ቀላል ስሌት ያሳያል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 13 ኪሎ ብስክሌትና 12 ኪሎ ዕቃ ሲደመሩ 90 ኪሎ ይሆናሉ። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ የሚወስደው ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ጋር አብሮ ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ፣ ከድንኳኑ ግማሽ ኪሎ ሲቀነስ የአንድ ሰዓት ዳገት የሚያጥረው 20 ሰከንድ ያህል ነው። ለዚህ ሲባል 300 ዶላር መጨመር አያዋጣም። በዚያ ገንዘብ የተሻለ የመኝታ ከረጢትና ወፍራም ፍራሽ ቢገዛ ለሌሊቱ እንቅልፍ ይበልጥ ይጠቅማል።

4. የታጠፈበትን ርዝመት ከብስክሌቱ ጋር ማስተያየት

በእግር ተጓዥ ጀርባ ላይ ችግር የማይፈጥር ድንኳን ብስክሌት ላይ ላይመች ይችላል። ምክንያቱ የዘንጉ ርዝመት ነው። የተለመደው ድንኳን ዘንግ ሲታጠፍ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለብስክሌት ተብለው በተሠሩት ላይ ግን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። የቀንድ ቅርጽ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት መሪ በአብዛኛው ከ40 እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የፍሬን እጀታዎቹም ቦታ ስለሚወስዱ ለጥቅሉ የሚተርፈው ከዚያ ያንሳል። ቀጥ ባለ መሪ ላይ ቦታው ሰፋ ይላል።

ስለዚህ ከግዢ በፊት በሁለቱ የፍሬን እጀታዎች መካከል ያለው ርቀት በሜትር ይለካል፤ ከመሪው ሥር እስከ ፊት ጎማው ያለው ከፍታም አብሮ ይለካል። ዘንጉ ከቦታው ከበለጠ ድንኳኑን መተው ግዴታ አይደለም፤ ጨርቁ ለብቻው ተጠቅልሎ መሪው ላይ ይታሰራል፣ ዘንጉ ደግሞ በፍሬሙ ረጅም ቱቦ ላይ ወይም ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ በሁለት ቦታ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። በዚህ አሠራር ርካሹ ድንኳን ለብስክሌት ተብሎ የተሠራውን ውድ ድንኳን ይተካል።

5. የአሠራሩን ዓይነት መምረጥ

ድንኳኖች በሁለት ነገር ይለያያሉ፦ በግድግዳቸው ብዛትና በአቋቋማቸው።

ባለ አንድ ግድግዳ ድንኳን ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተኛው ሰው ትንፋሽ ከቀዝቃዛው ጨርቅ ጋር ሲገናኝ ውኃ ይሆንና ድንኳኑ ከውስጥ ያልባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ይህ ውኃ የመኝታ ከረጢቱን ያረጥባል፤ የረጠበ ከረጢት ደግሞ ሙቀት አይዝም። ባለ ሁለት ግድግዳ ድንኳን የውስጡ ክፍል ከውጭ ልባሱ የተለየ ስለሆነ ውኃው በውጭ ልባሱ ላይ ይቀራል። ለደጋው መንገድ የሚመከረው ይኸኛው ነው። የውስጡ ክፍል ሙሉ በሙሉ መረብ ከሆነ ነፋስ ስለሚያስገባ፣ የታችኛው ግማሽ ጨርቅ የሆነው ይበልጥ ይሞቃል።

በአቋቋም ረገድ በራሱ ዘንግ የሚቆም አለ፣ ያለ ካስማና አውታር የማይቆምም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለምሳሌ ላንሻን 1 የተባለው ድንኳን ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን የሚቆመው በእግር ተጓዥ ምርኩዝ ነው፤ ብስክሌተኛ ምርኩዝ ስለማይዝ ተጣጣፊ ዘንግ ለብቻው መግዛት አለበት። በዚህ አካባቢ ሌላ ችግርም አለ። በጊንጪ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ ሆኖ ካስማ ይለቃል፣ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ካስማም አያስገባም። ተጓዥ በእንግድነት የሚያድርበት ግቢ ወይም የትምህርት ቤት በረንዳም ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ በራሱ ዘንግ የሚቆም ወይም ከሁለት እስከ አራት ካስማ ብቻ የሚፈልግ ድንኳን ይመረጣል። ኔቸርሃይክ ክላውድ አፕ 1 የዚህ ዓይነት ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው።

6. ጨርቁን መመርመር

የጨርቅ ውኃ መቋቋም በሚሊ ሜትር ይገለጻል። 1,500 ሚሊ ሜትር ማለት በጨርቁ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ እስኪቆም ድረስ አያፈስስም ማለት ነው። ለውጭ ልባስ ከ1,500 እስከ 3,000፣ የሰው ጉልበትና ክርን ለሚጫነው ወለል ከ3,000 ጀምሮ ያለው ይበቃል። የክሩ ውፍረት በዴኒየር ይለካል፤ ይኸውም የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው። ከ15 እስከ 20 ዴኒየር የሆነ ጨርቅ ቀላልም ነው፣ በጥንቃቄ ከተያዘም ይበረክታል።

ናይሎን ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይለጠጣል፣ ስለዚህ በሌሊት አውታሩን እንደገና መወጠር ያስፈልጋል። ፖሊስተር ብዙም አይለጠጥም፣ የፀሐይን ጨረርም ከናይሎን ይልቅ ይችላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በደጋ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ተተክሎ የሚውል ድንኳን ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ድንኳኑ ሲመሽ ይተከላል፣ ሲነጋ ይነሣል።

ስፌቱ ከውስጥ በኩል በማሸጊያ ቴፕ መለበጡ ይታያል። ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ቴፕ ስለማይዝ ገዢው ራሱ በሲሊኮን ማሸጊያ ስፌቱን መቀባት ይኖርበታል።

7. ዘንግ፣ ዚፕና ስፋት

የአልሙኒየም ዘንግ ቀላል ነው፤ በነፋስ ቢጎብጥም ብዙውን ጊዜ ሊጠገን ይችላል። የፋይበር ግላስ ዘንግ ርካሽ ቢሆንም ከባድ ነው፣ ሲሰበርም ተሰንጥቆ ጨርቁን ይቀዳል። የተሰበረ ዘንግ የሚገባበት አጭር የጥገና ቱቦ አብሮ መኖሩም ይረጋገጣል። ዚፑ በአንድ እጅ ተከፍቶ ሲዘጋ ጨርቅ የማይነክስ መሆን አለበት።

የወለሉ ርዝመት ከተኚው ቁመት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ አለበለዚያ የመኝታ ከረጢቱ ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ይረጥባል። 1 ሜትር ከ75 ለሆነ ሰው 2 ሜትር ከ10 ይበቃል። ከፍታው 1 ሜትር ገደማ ከሆነ ቁጭ ብሎ ልብስ መቀየር ይቻላል። በር ላይ ያለው ታዛ የብስክሌት ቦርሳዎችንና የረጠበ ጫማን የሚይዝ ስፋት ሊኖረው ይገባል።

8. ከጉዞ በፊት መሞከር

ድንኳኑ እንደተገዛ ግቢ ውስጥ ይተከላል። ተኝተውበት ስፋቱ ይታያል፤ ከዚያ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ውኃ በላዩ ይፈስሳል፣ ውስጡም በእጅ ይዳሰሳል። ቀን ላይ ውስጡ ገብቶ ወደ ብርሃን ቀና በማለት ቀዳዳ ይፈለጋል። ያገለገለ ድንኳን ሲገዛ የወለሉ ሽፋን መጣበቁና መሽተቱ ይፈተሻል፤ የሚጣበቅ ከሆነ ሽፋኑ እየተበላሸ ስለሆነ አይገዛም። በመጨረሻ ሁሉም ብስክሌቱ ላይ ተጭኖ አጭር ጉዞ ይደረጋል፤ ጥቅሉ ጎማ ወይም የፍሬን ገመድ የሚነካ ከሆነ ቦታው ይቀየራል።

9. የሚተከልበትን ቦታ መምረጥ

ከመነሣት በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ማጣራት ይቀድማል። ማረፊያው ጋ ሲደረስም ሳይመሽ የቦታውን ባለቤት ወይም ቀበሌውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። በአጥር የተከለለ ግቢ ከሜዳ ይሻላል፤ ከብትና ጅብ አይደርሱበትም። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም።

ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ማገዶ በመመናመኑ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር፤ አዲስ አበባን ከዚህ ያዳናት ባሕር ዛፍ ዛሬ በመንገዱ ዳር በብዛት ይታያል። ባሕር ዛፍ ነፋስ ቢከልልም ቅርንጫፉ በድንገት ስለሚሰበር፣ የረገፈ ቅጠሉም በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ድንኳን ከሥሩ አይተከልም፤ ራቅ ብሎ ነፋሱ በማይመጣበት በኩል ይተከላል። ረባዳ ቦታ ውኃና ቅዝቃዜ ስለሚያጠራቅም ትንሽ ከፍ ያለው ይመረጣል። ከሰልም ሆነ ምድጃ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይቀጣጠልም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው ይገድላል።

ድንኳኑ እርጥብ ሳለ ከታጠፈ በዚያው ቀን ተዘርግቶ መድረቅ አለበት፤ ካልሆነ ይሻግታል፣ ሽፋኑም ይላላል።

ሲጠቃለል፣ ለምዕራብ ሸዋ መንገዶች የሚያዋጣው ባለ ሁለት ግድግዳ፣ በራሱ ዘንግ የሚቆም፣ የአልሙኒየም ዘንግ ያለው፣ የውጭ ልባሱ ፖሊስተር የሆነና ሙሉ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነ ድንኳን ነው። ከዚህ ለቀለለው ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የመኝታ ከረጢቱና ፍራሹ ይሟሉ።