ስለ ውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አመረማመርና አሻሻል

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው የእጅ መዳፍ በምታህል ሰሌዳ ላይ ስለ ተሠራ አንድ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ሰሌዳዋን የሠሩት ከእኛ በፊት የነበሩት የሳይንስ ክበብ አባሎች ናቸው። ሥራዋም ከታችኛው ማጠራቀሚያ ወደ ላይኛው ሮቶ ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ፣ ሮቶው ሲሞላ ማጥፋት፣ ሲጎድል ደግሞ ማብራት ነው። የከተማው ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚደርሰው በፈረቃ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። የታችኛው ማጠራቀሚያ የሚይዘው 2,000 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ውሃው በመጣበት ሌሊት ወደ ላይ እየተገፋ ካልተቀነሰ ሞልቶ ይቆማል። ከዚህም የተነሣ ሰሌዳዋ በታመመች ቁጥር፣ ወይ ዘበኛችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥተው ፓምፑን በእጃቸው ያበራሉ፣ ወይ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱና የእጅ መታጠቢያው እስከሚቀጥለው ፈረቃ ያለ ውሃ ይሰነብታሉ።

በዚህ ዓመት ሰሌዳዋን የመመርመሩ ሥራ ለእኔ ስለ ተሰጠኝ፣ ያገኘሁትን ለአንባብያን ላስረዳ እወዳለሁ።

አስቀድሞ አሠራሯን ማወቅ ያስፈልጋል። በሮቶው ውስጥ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ተሰቅለዋል፤ አንደኛው እስከ ታች ወርዶ ከ12 ቮልት አዎንታዊ ጫፍ ጋር የተገናኘ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሮቶው አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። ውሃው ሞልቶ የላይኛውን ሽቦ ሲነካ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ በውሃው ውስጥ አልፎ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ ይገባል። ትራንዚስተሩም ይከፈትና ሪሌዩን ያሠራል። ሪሌይ ማለት ጥቅል ሽቦው በትንሽ ኃይል ማግኔት ሆኖ፣ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ወይም የሚለያይ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ሪሌዩ ሲሳብ የፓምፑ መስመር ይለያያል፤ ፓምፑም ይቆማል።

ወደ እኔ ስትመጣ ሕመሟ ፓምፑ ፈጽሞ አለመነሣቱ ነበር። ከ220 ቮልቱ መስመር አላቅቄ፣ በቤተ ሙከራው የ12 ቮልት ምንጭ ላይ አኖርኋትና በሜትር መለካት ጀመርሁ። ከሮቶው የሚመጣው ሽቦ ስላልተገናኘ በቤዙና በኤሚተሩ መካከል ዜሮ ቮልት ተገኘ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። እንግዲያውስ ትራንዚስተሩ ተዘግቶ፣ በኮሌክተሩ ላይ 12 ቮልት መነበብ ነበረበት። ነገር ግን በዚያም ዜሮ ተነበበ፤ ሪሌዩም እንደ ተሳበ ነው። ትራንዚስተሩን ነቅዬ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር ብለካው፣ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ተራ ሽቦ እንደሚያስተላልፍ ያስተላልፋል። ተቃጥሏል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ትራንዚስተር በይዶ ሥራውን ይዘጋል። የክበቡ መዝገብ ግን ይኸው ትራንዚስተር ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ እንደ ተለወጠ ያሳያል። ዓይነቱ ቢሲ 547 የሚባለው ሲሆን እስከ 100 ሚሊ አምፔር ይችላል፤ የሪሌዩ ጥቅል ሽቦ ግን 400 ኦም ስለሆነ በ12 ቮልት የሚወስደው 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ የገደለው የሥራ ብዛት አይደለም።

ነገሩ ያለው ሪሌዩ በሚጠፋባት ቅጽበት ነው። በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ፣ በማግኔቱ ተከማችቶ የነበረው ኃይል መውጫ ፈልጎ ከፍ ያለ ቮልት ያስነሣል። ቢሲ 547 የሚችለው 45 ቮልት ሲሆን፣ ይህ ግፊት ከዚያ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ለመከላከል ከጥቅል ሽቦው ጎን አንድ ዳዮድ በተቃራኒ ይታሠራል። የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር ዳዮዱ በቦታው አለ። በቦታው እንዳለ ግን መለካት አያዋጣም፤ ሜትሩ በዳዮዱ ፈንታ የጥቅል ሽቦውን ያነባልና። ስለዚህ አውጥቼ ለካሁት፤ በአንድ በኩል 0.6 ቮልት አሳየ፣ በሌላው ምንም አላሳለፈም፤ ደኅና ነው። በመጨረሻ በማጉያ መነጽር ስመለከት፣ በአንደኛው እግሩ ዙሪያ ሊዱ እንደ ቀለበት ተሰንጥቆ አየሁ። እግሩ አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም። ትራንዚስተሮቹም አንድ ሳምንት እየቆዩ ይሞቱ የነበረው በዚህ ነው። የድሮውን ሊድ አንሥቶ እንደገና መበየድ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ይህ ጥገና ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ከጥገና የተለየ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰሌዳዋ አንዳች የተበላሸ ነገር ሳይኖርባት፣ ውሃው ሊሞላ ሲል ሪሌዩ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ፓምፑን ደጋግሞ ያስነሣና ያቆም ነበር። ውሃ ከላይ ሲወርድ የሮቶው ፊት ይናወጣል፤ ማዕበሉ የላይኛውን ሽቦ ሲነካ ፓምፑ ይቆማል፣ ሲለቀው ይነሣል። ሞተር ደግሞ ሲነሣ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በመደበኛ ሥራው ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ነው። የሪሌዩን መገናኛዎች ከፍቼ ባይ ከብልጭታው የተነሣ ጠቁረዋል። የተበላሸ ዕቃ በመፈለግ ለዚህ መድኃኒት አይገኝም። ሰሌዳዋ የታዘዘችውን በትክክል ትፈጽማለች፤ ትእዛዙ ነው የማይመቸው፤ ማብሪያውና ማጥፊያው አንድ ነጥብ ላይ ተቀምጠዋልና።

ስለዚህ ሁለት ነጥብ እንዲሆን አደረግሁ። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሦስተኛ ዘንግ ከላይኛው 30 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ እንዲሰቀል ሆነ። ባለ አምስት እግሩንም ሪሌይ ሁለት መገናኛ ባለው በባለ ስምንት እግር ለወጥሁት። አንደኛው መገናኛ እንደ ቀድሞው ፓምፑን ያቆማል፤ ሁለተኛው ግን ሪሌዩ ሲሳብ ሦስተኛውን ዘንግ ከላይኛው ዘንግ መስመር ጋር ያጣምረዋል። እንግዲህ ውሃው የላይኛውን አንድ ጊዜ ከነካ በኋላ ቢናወጥም ቢጎድልም፣ ሦስተኛውን እስኪለቅ ድረስ ሪሌዩ እንደ ተሳበ ይቆያል። ከለቀቀው በኋላ ደግሞ ጥምረቱ ስለሚፈርስ፣ ፓምፑ እስከ ላይ ሳይሞላ አይቆምም።

ለምን 30 ሴንቲሜትር? የሮቶው ወርድ 1.80 ሜትር ስለሆነ፣ በዚህ ጥልቀት 760 ሊትር ያህል ይገባል፤ ፓምፑም በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ስለሚገፋ 19 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሠራል። አንድ ሜትር ቢሆን ኖሮ ፓምፑ ይበልጥ ባረፈ ነበር፤ ነገር ግን ፈረቃው በደረሰበት ሌሊት ሮቶው ተጋምሶ፣ ሦስተኛው ዘንግ ገና በውሃ ውስጥ ስላለ ፓምፑ ሳይነሣ ሊነጋ ይችላል። ለእኛ ሰፈር የሚበጀው ጠባቡ ልዩነት ነው።

አዲሱ ሪሌይ አንድ ዕዳ ይዞ መጣ። ጥቅል ሽቦው 160 ኦም ስለሆነ 75 ሚሊ አምፔር ይፈልጋል። በውሃውና በሬዚስተሩ አልፎ ወደ ቤዙ የሚደርሰው ግን ግማሽ ሚሊ አምፔር እንኳ ስለማይሞላ፣ በአንድ ቢሲ 547 መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ኤሚተሩ ቢዲ 139 የተባለውን ጠንካራ ትራንዚስተር ቤዝ እንዲነዳ አደረግሁ። ሁለቱ ሲጣመሩ ብርታታቸው ስለሚባዛ ኃይሉ ተትረፍርፏል፤ እንዲያውም ከመጠን ያለፈ ንቁ ስለሆኑ የሰሌዳዋ እርጥበት ብቻ ሊያሳስታቸው ይችላል። ይህን ለማስቀረት ከመጀመሪያው ቤዝ ወደ አሉታዊው ጫፍ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ተጨምሯል።

የመዳብ ሽቦዎቹም ተነሥተዋል። ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ፣ አዎንታዊው ሽቦ እየሟሟ አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ ይህም በምንጠቀምበት ውሃ ውስጥ መሆኑ ደስ አያሰኝም። በምትኩ ከማይዝግ ብረት ማንኪያ የተቆረጡ እጀታዎች ገብተዋል። ሊድ አይዛቸውምና በቡሎን መታሠር አለባቸው።

ሰሌዳዋን ወደ ማማው ከማውጣቴ በፊት በባልዲ ውሃ፣ በፓምፑም ፈንታ ትንሽ አምፖል አስሬ ፈተንኋት። ውሃውን በእጄ እያናወጥሁ ሪሌዩ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ አለ። የ220 ቮልቱን መስመር ያገናኙት መምህራችን ናቸው፤ ይህን ክፍል ተማሪ ብቻውን ሊነካው አይገባም። የፓምፑንም ሸክም የሚያነሣና የሚጥል ኮንታክተር ስለ ተጨመረ፣ ትንሿ ሪሌይ የምታዝዘው ኮንታክተሩን ብቻ ነው።

አንድ ጉድለት ቀርቷል። የላይኛው ዘንግ ሽቦ ቢበጠስ ሰሌዳዋ ሮቶው እንዳልሞላ ስለምትቆጥር ፓምፑ አይቆምም። ስለዚህ የሮቶው ትርፍ ውሃ ማፍሰሻ ቱቦ መዘጋት የለበትም፤ በየወሰነ ትምህርቱም ሦስቱን ዘንጎች አውርዶ መፋቅና ቡሎናቸውን ማጥበቅ ያስፈልጋል። የአዲሱ ሰርኪዩት ሥዕል ከክበቡ መዝገብ ጋር ተያይዟል፤ ቀዩ ሽቦ የታችኛው፣ ቢጫው የመካከለኛው፣ ሰማያዊው የላይኛው ዘንግ ነው።