ቡና ሐራም የተባለበት ዓመት



ባለፈው ረመዳን እዚህ ቶራንስ አንድ ቤት ተጋብዘን፣ አፍጥረን ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሸይኾች በሳይንስ ነገር ከተሳሳቱ በዲን ነገር ለምን እናምናቸዋለን?» አለኝ። ለክርክር አልነበረም የጠየቀው፤ ጨንቆታል። እኔም መልሱን ከያዘው ሲኒ ጀመርኩለት።

ቡና ከሀገራችን ወደ የመን ተሻግሮ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ሌሊት ለዚክር እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር። ከዚያ መካ ደረሰ። በ917 ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1511፣ የመካን ገበያና ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ኻኢር በይ ሌሊት ሐረም አጠገብ ተሰብስበው ቡና የሚጠጡ ሰዎችን አየ። አልወደደውም፤ በማግስቱ ዑለሞችን ሰበሰበ። ዑለሞቹም ተክል በመሠረቱ ሐላል ነው፣ ጉዳት ካለው ግን ሌላ ነው፣ ጉዳቱን ደግሞ ሐኪም ይንገረን አሉ።

ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ቀረቡ። የዚያ ዘመን ሕክምና ምግብን ሁሉ ሙቅና ቀዝቃዛ፣ እርጥብና ደረቅ እያለ ይከፍል ስለነበር፣ ቡና ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፣ ሰውነትን ይጎዳል ብለው መሰከሩ። አንዱ ተነስቶ የባግዳዱ ሐኪም ኢብን ጀዝላ ቡን አክታን እንደሚያስወግድ ጽፏል ቢል፣ ያ ሌላ ተክል ነው ተባለ። ሌላው ደግሞ እንደ ወይን ጠጅ ያሰክራል ብሎ መሰከረ። የወይኑን ስካር በምን አወቅህ ቢሉት መጠጣቱን አመነና ተገረፈ ይባላል። (እዚህ ላይ ልጁ ሲኒውን ሊደፋው ነበር።) ፈትዋው ተፈረመ፤ ቡና በአደባባይ ተቃጠለ፤ ሻጮች ተደበደቡ።

ከካይሮ፣ ከማምሉኩ ሱልጣን ከቃንሱህ አል-ጉሪ የመጣው መልስ ግን ለስለስ ያለ ነበር፤ በስብሰባዎቹ ላይ የሚፈጸመውን ጥፋት ከለከለ እንጂ መጠጡን ራሱን አልከለከለም። ክርክሩ ከዚያም በኋላ አሥርት ዓመታት ዘልቋል። ታሪኩን በዝርዝር ያቆየልን ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ በ1558 አካባቢ ለቡና ሐላልነት ሲከራከር የጻፈው መጽሐፍ ነው። በእኛም ሀገር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ለረጅም ዘመን ሲርቁት ኖረው፣ ነገሩ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው። ዛሬ ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ጀበና ሁላችንም እንጠጣለን።

እንግዲህ ስህተቱ የት ላይ ነበር? የሚጎዳና የሚያሰክር ነገር ክልክል ነው የሚለው የዲን መሠረት ያኔም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። የተሳሳተው ቡና ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው፤ እሱን ደግሞ የሰጡት የዘመኑ ሳይንስ ሰዎች ናቸው፣ ያውም ውሳኔውን አስቀድሞ በልቡ የጨረሰ ሹም ፊት። ያረሙትም ቢሆኑ ሌሎች ዑለሞች ናቸው። የልጁ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ላይ ይገለበጣል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ይህን ድንበር አሳይተውናል። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ለእሱ ሐዘን ነው አሉ። ዝም ማለት ቀላል ነበር። እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትና ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ የአላህ ምልክቶች መሆናቸውን ተናገሩ። መዲና ውስጥ ስለ ተምር ማዳቀል በሰጡት አስተያየት ምርቱ በቀነሰ ጊዜም፣ እንዲህ ያለውን የዱንያ ሥራ ገበሬዎቹ ይበልጥ እንደሚያውቁት ነግረዋቸዋል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። መንገዱ ካልተዘጋ (መቼ ሊከፈት!) ፓሳዴና ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1999 ከዚያ ትመራ የነበረችው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋችው፣ አንዱ ቡድን ኃይልን በፓውንድ አስልቶ ሌላው በኒውተን ስለተቀበለው ነው። ናሳ ስህተቱን መርምሮ በይፋ አወጣ፤ በ2001 ማርስ ኦዲሲ በሰላም ደረሰች። በመካከሉ ፊዚክስ ውሸት ነው ያለ መሐንዲስ አልሰማሁም።

ይህን ማሰብ የነበረብኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አንድ አስተማሪ ቁርኣን ስንቀራ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቷል ብሎ ያመነ ኢማኑ ጎድሏል አለን። ተናደድኩና ለሁለት ዓመት ቂርኣቱን ተውኩት። እሱ በማያውቀው ነገር ተናገረ፤ እኔ ደግሞ በዚያ አንድ ንግግር የሚያውቀውን ሁሉ ጣልኩበት። ሰውየው ተጅዊድ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ የእኔ ግን እስከ ዛሬ አንካሳ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ስፈልገው ወደ ሌላ ስቴት ሄዷል።

ዛሬ ይህ ነገር በየቤታችን የሚመጣው በዒድ ዋዜማ ነው። የሰሜን አሜሪካ ፊቅህ ምክር ቤት በ2006 በስሌት መሄድን መረጠ፤ ሌሎች መስጂዶች በዓይን ካልታየ አይሆንም አሉ፤ ስለዚህ አንዱ ወንድም ሲፆም ሌላው ይበላል። አዲስ ጨረቃ የምትወለድበትን ደቂቃ ማስላት እችላለሁ። ከቶራንስ ባሕር ዳርቻ በዓይን ትታይ አትታይ ማለት ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ጉሙም አለ። በሐዲሱ ማየት የተባለው በዓይን ብቻ ነው ወይስ ስሌትም ይበቃል የሚለው ደግሞ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ለእሱ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች አሉ። እኔ ቁጥሩን ለሸይኹ አቀርባለሁ፣ ፍርዱን ከሳቸው እቀበላለሁ። ቁጥሩ ላይ ከተሳሳቱ ደግሞ በአክብሮት፣ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ታዲያ ዘንድሮ ዒድ መቼ ነው?» አለኝ።

«እሱን እናትህን ጠይቅ» አልኩት።

ወላሁ አዕለም።