ሰቆጣን በእግር፦ ከገበያው እስከ ቀፎው

ሰቆጣ የምትገኝበት ዋግ ኽምራ አጥር፣ መግቢያ በርና ቲኬት ቆራጭ ያለው ፓርክ የለውም። የሚታየው ነገር በገበያው፣ በዓለቱ፣ በተራራው ጥግና በተከዜ ቆላ ተበትኖ ነው ያለው፤ አካሄዱን የሚያበጁት እርስዎ ነዎት። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ገበያ፣ ቀጥሎ ዓለት፣ ከዚያ ቀፎ። ብዙ እንግዳ ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ይጀምርና ፎቶውን አንስቶ ይመለሳል፤ አገሬው በምን እንደሚተዳደር ሳያይ።

1. ከመነሳትዎ በፊት ይደውሉ

ሰቆጣ በሰሜኑ ጦርነት የተጎዳች ከተማ ናት፤ ከዚያም ወዲህ የአካባቢው መንገዶች አንዴ ሲከፈቱ አንዴ ሲዘጉ ቆይተዋል። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደርን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ካልሆነም በከተማው የሚያውቁትን ሰው ይጠይቁ። መጠየቅ ያለብዎት «ሰላም ነው?» ብለው ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚልዎ። «ዛሬ ከላሊበላ መኪና ገብቷል ወይ?» ይበሉ። መልሱ ያኔ ቁርጥ ያለ ይሆናል።

2. ወቅቱን ይምረጡ

የዋግ ክረምት አጭር ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር አበባውም ማሩም ስለሚደርስ ለእግር ጉዞ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሰው ማየት ከፈለጉ ደግሞ ነሐሴ 16 የሚጀምረው ሻደይ አለ፤ ልጃገረዶች በዓሉ ስሙን ያገኘበትን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። ጭቃውን ይቻሉት፤ አልጋ ግን ቀድመው ይያዙ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ አይርሱ።

3. በላሊበላ በኩል ይግቡ

እስከ ላሊበላ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በቢልባላ በኩል በመኪና ወደ ሰሜን ነው። በዚሁ አቅጣጫ ይምርሐነ ክርስቶስን ሳያዩ አይለፉ። ዋሻ ውስጥ የቆመ፣ ከላሊበላ ዘመን የሚቀድም፣ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተነባበረበት የአክሱም ዘይቤ ሕንፃ ነው። ዙሪያው የጽድ ደን ነው፤ ተራራው ጥንት ምን ለብሶ እንደነበር ለመገመት ይረዳል።

4. ገበያው

ሰቆጣ ሲደርሱ በመጀመሪያ የገበያውን ቀን ያረጋግጡና ማለዳ ይውጡ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህች ከተማ ከሰሜን ኢትዮጵያ ትላልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ያተለቃትም ጨው ነው። በአፋር በረሃ ከአርሆ እየተቆረጠ የሚወጣው አሞሌ በግመል፣ በአህያና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ እዚህ ይራገፍ ነበር። አሞሌ ገንዘብም ነበር። ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚወደድ ነጋዴው ገንዘቡን ጭኖ ወደ ደቡብ በሄደ መጠን ይከብር ነበር። በ1880ዎቹ «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ ግን ከተማዋን ክፉኛ ጎዳት።

ዛሬ የአፋር ጨው ካገኙ አንሥተው ያገላብጡት፤ በመጥረቢያ የተስተካከሉት ጎኖች ላይ የስለቱ ዱካ ይታያል። ከዚያ ወደ ቆዳው ይሂዱ። ዋግ የፍየል አገር ናትና ስልቻ፣ አቁማዳ፣ ጠፍር ካለ የተሰፋበትን ይመልከቱ። ሸማኔ ካገኙ ተቀምጠው ይዩ፤ ሳይገዙ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ግን ነውር ነው። ሻጭን ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ። በጆሮዎ የሚገባው ሁሉ አማርኛ አይሆንም፤ የኽምራ አገዎች ኽምጣና ይናገራሉ።

5. ውቅር መስቀለ ክርስቶስ

በማግስቱ በእግር ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይውጡ፤ ከከተማው ብዙም አይርቅም። ቁልፍ የያዙት ቄስ ማሳ ላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከዋዜማው መልእክት ይላኩ። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ጠዋት መሄድ ይሻላል። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፤ ቄሱን «አባ» ብለው መስቀል ተሳልመው ነው ወሬ የሚጀመረው።

ቤተ ክርስቲያኑ ከዓለት የተፈለፈለ ነው። ዓይንዎ ወደ ጌጡ ብቻ አይሩጥ። ግድግዳው ላይ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት የመሮውን ምት ይፈልጉ፤ የት እንደለሰለሰ፣ የት እንደተተወ ያስተያዩ። ጠራቢው ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየቀነሰ ነው የሠራው፤ አንድ ዓምድ ቢሰበርበት የሚተካበት ድንጋይ የለውም። የዋግሹሞች፣ ማለትም የጥንቶቹ የዋግ ገዢዎች፣ ናቸው የሚባሉ፣ ሳይፈርሱ የቆዩ አስከሬኖችም በዚሁ ስፍራ አሉ። ቄሱ ካላሳዩዎ አይጎትጉቱ፤ ካሳዩዎም ካሜራው ኪስ ውስጥ ይቆይ።

6. ቀፎውና እርከኑ

ሲመለሱ የእረኞቹን መንገድ ይያዙ፤ የአካባቢ ልጅ እንዲመራዎ አበሉን ቀድመው ይነጋገሩ። ቁልቋል፣ እሬት፣ ግራርና የወይራ ቁጥቋጦ ያያሉ። የድንጋይ እርከኖቹ አብዛኞቹ ገበሬው ከመኸር በኋላ በተፋሰስ ሥራ ወጥቶ በእጁ የካባቸው ናቸው። ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለለውን ተራራ ክፍት ከሆነው ጋር ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከሩቅ በቀለሙ ይታወቃል። ንብ የሚሰማራውም በተከለለው ላይ ነው።

ቀፎ ሲጎበኙ ሽቶ አይቀቡ፣ ጥቁር ልብስ አይልበሱ፣ ከሁሉ በላይ ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት አይቁሙ፤ የንቡን መንገድ ዘግተው «ነደፈኝ» ማለት አይሆንም። በጭቃና በእበት የተመረገውን ባህላዊ ቀፎ ከባለ ፍሬሙ ጎን ለጎን ያሳዩኝ ይበሉ። የዋግ ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል። የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የገባበት አይደለም፤ መርጋቱ ብቻውንም የጥራት ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ከባለ ቀፎው ይግዙ።

7. ቀን ከተረፈዎት ወደ ቆላው

በአበርገሌና በዝቋላ ወረዳዎች በኩል ወደ ተከዜ ሲወርዱ የእጣን ዛፍ ይጀምራል። በበጋ ወራት ሠራተኛው ቅርፊቱን በስለት በጥቂቱ ይልጠዋል፤ የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቅመውና ቁስሉን ያድሰዋል። ያለ ዕረፍት የሚቆሰል ዛፍ ዘሩ ይደክማል፤ ግንዱ ላይ ስንት ቁስል እንዳለ ቢቆጥሩ የባለቤቱን ጠባይ ያውቃሉ። ከታች ያለው ሐይቅ በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ ያጠራቀመው ነው፤ ግድቡ 188 ሜትር ከፍታና 300 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ግድቡ ራሱ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ የሐይቁ ዓሣ ግን ዋግ ውስጥም ይገኛል። ቆላው ወባ አለበትና አጎበር ይያዙ። ውሃዎን ከሰቆጣ ሞልተው ይውረዱ፤ መንገድ ላይ የሚያገኙት ምንጭ የከብትም መጠጫ ነው።

8. መመለሻ

አውቶቡስ ከጎህ በፊት ስለሚነሣ ቲኬቱን ከዋዜማው ይቁረጡ። ማሩን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርገው በላስቲክ ይጠቅልሉ፤ ጣሪያ ላይ አያስጭኑት። በአውሮፕላን የሚመለሱ ከሆነ በሚያስረክቡት ሻንጣ ይግባ፤ በእጅ ከያዙት ፍተሻው ላይ ይቀራል።